በፐርል ኤክስኤምኤል ስታነቡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሞጁሉ አልጫን አለ

ሲፓን (የፐርል ሞጁል መጫኛው) የሲ ኮምፓይለር ስህተት ደርድሮ ከቆመ፣ የጎደለው የፐርል ነገር ሳይሆን የሲ ላይብረሪ ነው። ኤክስኤምኤል::ሊብኤክስኤምኤል በሊብኤክስኤምኤል2፣ ኤክስኤምኤል::ፓርሰር ደግሞ በኤክስፓት ላይ የቆሙ ናቸው። በኡቡንቱና በዴቢያን የላይብረሪውን «ዴቭ» ፓኬጅ፣ በፌዶራ «ዴቨል» የሚባለውን አስቀድማችሁ ጫኑ። ከዚህ የሚቀለው ግን በኡቡንቱና በዴቢያን ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ሞጁል በፓኬጅ መጫኛቸው በአፕት ማውረድ ነው።

ፓርሰሩ የመስመር ቁጥር ጠቅሶ ያቆማል

ፓርሰሩ ማለት ፋይሉን አንብቦ የሚተነትነው ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ብቻውን የቆመ & ነው፤ «ጫማ & ቦርሳ» ተብሎ የተጻፈ የሱቅ ስም ይበቃል። &#38; ተብሎ መጻፍ አለበት። ስህተቱ ገና ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ከኤክስኤምኤል መግለጫው (ሥሪቱንና ኢንኮዲንጉን ከሚናገረው የመጀመሪያ መስመር) በፊት ባዶ መስመር ወይም ክፍት ቦታ መኖሩን እዩ። «ከሰነዱ መጨረሻ በኋላ ትርፍ ነገር አለ» የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፋይሎች ተገጣጥመው ሥር ኤለመንቱ (ሁሉን የሚያቅፈው) ሁለት ሆኗል።

የመስመር ቁጥሩን ግን በጭፍን አትመኑት። ፓርሰሩ ስህተቱን ያወቀበት እንጂ ስህተቱ የተሠራበት ቦታ ላይሆን ይችላል፤ ሳይዘጋ የቀረ ታግ ብዙ መስመር ዝቅ ብሎ ነው የሚጋለጠው። «ሪከቨር» የሚለው አማራጭ ፓርሰሩን ያሳልፈዋል፤ ያልገባውን እየጣለ ስለሆነ ግን ለምርመራ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

አማርኛው ተበላሽቶ ይወጣል

«ሰላም» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት ነው። በወጣው ፋይል ውስጥ 18 ባይት ከሆነ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል (ፊደሉ ወደ ባይት ተቀይሯል)። በዓይንም ይለያል፦ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ይበተናል፣ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ነው፤ የተለመዱት የግዕዝ ፊደላት ሁሉ በዩቲኤፍ-8 በባይት 225 ይጀምራሉና።

መንስኤው የሊብኤክስኤምኤል አንድ ጠባይ ነው። ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው «ቱስትሪንግ» በሰነዱ ላይ ሲጠራ ኢንኮድ የተደረገ ባይት ይሰጣል፤ በኤለመንት ላይ ሲጠራ ግን ፊደል። ሰነዱን የዩቲኤፍ-8 ሽፋን (ፐርል ሲጽፍ ፊደሉን ራሱ ወደ ባይት የሚቀይርበት ቅንብር) ባለው ፋይል ላይ ካተማችሁት ሁለተኛው ኢንኮዲንግ ይደረብበታል። ስለዚህ ሙሉ ሰነድ በ«ቱፋይል» ወይም ያለ ሽፋን በተከፈተ ፋይል ይጻፍ፤ የኤለመንት ጽሑፍ ደግሞ ሽፋን ባለው። ፐርል «ሰፊ ፊደል» ብሎ ካስጠነቀቀ የተገላቢጦሹ ነው፤ ሽፋኑን ረስታችኋል።

ስታነቡም ያው ነው፦ የፋይሉን ስም ወይም ያለ ሽፋን የተከፈተ ፋይል ስጡት፤ ኢንኮዲንጉን ፓርሰሩ ራሱ ከመግለጫው ያነበዋል። ፊደሎቹ በ& የሚጀምሩ ቁጥሮች ሆነው ከወጡ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሰነዱ ኢንኮዲንግ ስላልተሰጠው ነው። በ«ሴትኢንኮዲንግ» ዩቲኤፍ-8 በሉት።

«ፋይንድኖድስ» ምንም አያገኝም

ኤለመንቱ ፋይሉ ውስጥ በግልጽ እየታየ በ«ፋይንድኖድስ» የተደረገው ፍለጋ ባዶ ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥር ኤለመንቱ ላይ ነባሪ ኔምስፔስ (ስሞች እንዳይጋጩ የሚለያቸው አድራሻ) ታውጇል። በመፈለጊያ ቋንቋው በኤክስፓዝ 1.0 ቅድመ ቅጥያ የሌለው ስም ማለት ኔምስፔስ የሌለው ኤለመንት ማለት ነው። «ኤክስፓዝ-ኮንቴክስት» ፍጠሩ፣ በ«ሬጂስተር-ኤንኤስ» የመረጣችሁትን ቅጥያ ከኔምስፔሱ አድራሻ ጋር አያይዙ፣ በፍለጋው መንገድ ላይ እያንዳንዱን የኤለመንት ስም በዚያ ቅጥያ ጀምሩ። አድራሻው መጨረሻው ላይ ያለችው ጭረት (/) ሳትቀር መመሳሰል አለበት።

አንድ መዝገብ ብቻ ያለበት ቀን ፕሮግራሙ ይወድቃል

ይህ የኤክስኤምኤል::ሲምፕል በሽታ ነው፤ መዝገቦቹ ሁለት ሲሆኑ አሬይ (ተራ ዝርዝር)፣ አንድ ሲሆን ሃሽ (በስም የሚፈለግ ስብስብ) ይመልሳል። «ፎርስአሬይ» ላይ የሚደጋገሙትን ስሞች ዘርዝሩ፣ «ኪአትር»ን ባዶ አድርጉ። ለአዲስ ሥራ ግን የሞጁሉ የራሱ ሰነድ አትጠቀሙበት ይላል።

ሜሞሪ ይሞላል

ግዙፍ ፋይል ሙሉውን ዛፍ እንዲሠራ አታድርጉት። በኤክስኤምኤል::ትዊግ ሞጁል ለእያንዳንዱ መዝገብ የሚሠራ ሃንድለር (መዝገቡ ሲነበብ የሚጠራ ተግባር) አብጁና ሃንድለሩ ሲያበቃ የተነበበውን ከሜሞሪ የሚያጸዳውን «ፐርጅ»ን ጥሩ። «ፐርጅ»ን ከረሳችሁ ዛፉ እንዳለ ይከማቻል፤ ከትዊግ ያተረፋችሁት ሜሞሪ አይኖርም።