«ለበጎ ነው» ከማለታችሁ በፊት

በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም፣ በከተማዋ ከለገሀሬ ሰፈር እስከ ሳቢያን፣ «ለምን?» የሚል ጥያቄ መልስ ያላገኘበት ቤት ብዙ ነው። እግዚአብሔር ሁሉን እንደሚገዛ እናምናለን። የምንሳሳተው እሱ ያልነገረንን ምክንያት እኛ ስንናገርለት ነው።

አንዱ ስህተት በደለኛ መፈለግ ነው። ልጅ ሲታመም «የማን ኃጢአት ይሆን?» የሚል አይጠፋም። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ጌታ እሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም አላቸው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎችም ከሌላው የባሱ እንዳልነበሩ ተናግሯል። ደቻቱም የጠረገው ወንዙ ዳር ያገኘውን ነው እንጂ ኃጢአተኛ መርጦ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለቅሶ ቤት ማብራሪያ ይዞ መግባት ነው። እኔ ከሁሉም የሚከፋኝ ይሄኛው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን የተቆጣው በነሱ ላይ ነው። ኢዮብም ቢሆን ለምን እንደተሠቃየ እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። አምላኩን አገኘ፤ ምክንያቱን አላገኘም። ስለዚህ ልጇን ትናንት የቀበረችን እናት «እሱ የሚወደውን ነው የሚወስደው» አትበሏት። እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ ይደረጋል የሚለው ሮሜ 8፥28 እውነት ነው። ግን ጥቅሱን እሷ ራሷ በጊዜዋ ትድረስበት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላችሁ ቁጭ በሉ። ሻይ አፍሉ፣ ለቀስተኛ አስተናግዱ፣ ሲመሽ አብራችኋት እደሩ።

ሀዘንተኛን «ተይ፣ እግዜርን አታማርሪ» ብሎ ማፈንም ስህተት ነው። መዝሙር 88ን (በግዕዙ ዳዊት 87ን) አንብቡ። ማጽናኛ ሳይመጣለት ያልቃል፤ ሆኖም ጸሎት ነው። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ አልቅሷል።

ሌላው ስለትን እንደ ውል መቁጠር ነው። ለታኅሣሥ 19 ከድሬዳዋም ከሐረርም ስንት ሰው በእግሩ ቁልቢ ይወጣል! ስለቱ የሰመረለት እልል ብሎ ይመለሳል። ያልሰመረለትስ? «ገብርኤል ረሳኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይወርዳል። የዚያን ዕለት የሚታሰቡት ግን ገብርኤል ከእቶን እሳት ያዳናቸው ሦስቱ ልጆች፣ ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው። እነሱ እቶኑ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም ነው ያሉት። ይህን የተናገሩት መልአኩ ከመውረዱ በፊት፣ እሳቱ እየነደደ ሳለ ነው። ጳውሎስም ሥጋውን የሚወጋው እሾኽ እንዲወጣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልወጣለትም፤ ጸጋዬ ይበቃሃል ተባለ እንጂ። መሳላችሁን አትተዉ። ስትሳሉ ግን እንደነዚያ ልጆች ተሳሉ።

በመጨረሻ፣ በእግዚአብሔር መታመን መድኃኒት መተው አይደለም። ወንጌል የጻፈልን ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጸበሉንም ጸሎቱንም ያዙ። የስኳር፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ዘመዳችሁ «አምኛለሁ» ብሎ ካቋረጠ ግን ዝም አትበሉ። ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይዛችሁት ሂዱ።