የጃቫን የባቲክ ጌጦች የሚያስተምር የስልክ መተግበሪያ እንዴት ይሠራል?

ባቲክ በኢንዶኔዢያዋ የጃቫ ደሴት ጨርቅን በከፊል በሰም እየሸፈኑ የማቅለም ሙያ ነው። ጌጦቹን ለማስተማር የሚሠራ መተግበሪያ የፎቶ ማከማቻ ብቻ ከሆነ ተማሪው አይቶ ያልፋል እንጂ አይማርም፤ ስለዚህ ዲዛይኑ ከሙያው አካሄድ መነሳት አለበት። በጃቫ ባለሙያዋ ቻንቲንግ በተባለ ቀጭን አፍ ባለው የመዳብ መሣሪያ የቀለጠ ሰም ቀድታ ጨርቁ ላይ ትስላለች፤ ሰም የሸፈነውን ቦታ ቀለም አይዘልቀውም። በመሆኑም በስክሪኑ ላይ የተማሪው ጣት የሚቀባው ቀለም ሳይሆን ሰም መሆን ይኖርበታል።

ለዚህም ሥዕሉን እንደ አንድ ምስል ከመያዝ ይልቅ ሰም ያለበትን ቦታ በአንድ ሌየር (ንብርብር)፣ ጨርቁ የጠጣውን ቀለም በሌላ መመዝገብ ይበጃል። ተማሪው «ንከር» የሚለውን ሲጫን ሰም ያልነካው ሁሉ የኢንዲጎ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀጥሎ ቡናማ እንዲሆን ከሚፈልገው ቦታ ሰሙን ይፍቃል፣ ሰማያዊ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን በአዲስ ሰም ይሸፍናል፣ ከዚያም ሶጋ በሚባለው ቡናማ ቀለም ይነክራል። ባልተሸፈነ ሰማያዊ ላይ ቡናማ ሲያርፍ ወደ ጥቁር ስለሚጠጋ ኮዱ ሁለተኛውን ቀለም በመጀመሪያው ላይ መደረብ እንጂ በእሱ መተካት የለበትም። በመጨረሻ ሰሙ በፈላ ውኃ ሲለቅ ነጩ ብቅ ይላል፤ ለዚህ ደረጃ ጥሩ አኒሜሽን ቢሠራለት ድካሙ አይባክንም ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ትምህርት ካዉንግ ይሁን። አራት ሞላላ ቅርጾች መሐል ላይ እየተገናኙ የሚሠሩት ጌጥ ስለሆነ አንዱን ካሬ በኤስቪጂ (ሲያጎሉት በማይደበዝዝ የምስል ፎርማት) ስሎ ቀሪውን በኮድ መደጋገም ይቻላል። ፓራንግ የተባለው ጌጥ ግን ሰያፍ በመሆኑ መጋጠሚያው በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ ወዲያው ያስታውቃል፤ በአንዱ ካሬ ቀኝ ጠርዝ የሚወጣው መስመር በቀጣዩ ግራ ጠርዝ በዚያው ከፍታ መግባቱን አጉልቶ ማየት ያሻል።

ኢንተርኔት በሌለበትም እንዲነበብ የየጌጡ መነሻ፣ ማን እንደሚለብሰውና መቼ እንደሚለበስ በኤስኪውላይት (ስልኩ ላይ በሚቀመጥ አነስተኛ የመረጃ ቋት) ይቀመጥ። ከፓራንግ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፓራንግ ሩሳክ በጃቫ ከተሞች በዮግያካርታና በሱራካርታ ለቤተ መንግሥት የተከለለ ነበር፤ ትሩንቱም በሠርግ ዕለት የሙሽሮቹ ወላጆች የሚለብሱት ሲሆን ደመና የሚመስለው ሜጋ መንዱንግ የቺሬቦን ከተማ ነው። ጽሑፉን የአካባቢው ባለሙያ ያንብበው፤ ክፍያውም ከመነሻው በበጀት ይያዝ።

ጌጥን በካሜራ የመለየት አገልግሎት ለመጀመሪያው እትም አያስፈልግም፤ የተሸበሸበ ጨርቅ ያሳስተዋል፣ በማሽን የታተመውን በሰም ከተሠራው መለየትም ይቸግረዋል። ከዚያ ይልቅ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ስልኩን አስቀምጦ አንድ የካዉንግ ካሬ በወረቀት ላይ እንዲስል ይጠየቅ፤ ሞላላዎቹን መሐል ላይ ማገናኘት ካቃተው ያ ትምህርት እንደገና ይሠራ።