ቁመቱና አንግሉ ለየብቻ የሚስተካከል የወገብ ኬጅ እንዴት ይነደፋል?

የተጎዳ ዲስክ ወጥቶ በሁለት አከርካሪዎች መካከል የሚገባ ኬጅ፣ ማለትም ክፍተቱን የሚይዝ ትንሽ ሳጥን መሰል ተተኪ፣ ሁለት ሥራ አለበት። የጠበበውን ክፍተት ከፍቶ የተጫነውን ነርቭ ማላቀቅ አንዱ ነው። ሌላው ሎርዶሲስ የሚባለውን የወገብ ተፈጥሯዊ ቅስት መመለስ ነው። ሁለቱን በአንድ ብሎን ለመወጣት የሚሞክር ንድፍ አንዱን ሲያሟላ ሌላውን ያጎድላል። የአጥንት ሐኪሙ ፖል ሃሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1962 ውጤቱን ያሳተመው የስኮሊዮሲስ (ወደ ጎን የጎበጠ አከርካሪ) ዘንግ አከርካሪን ያቃና የነበረው በመለጠጥ ነው፤ ዘንጉ እስከ ታችኛው ወገብ ሲወርድ ግን ቅስቱን ስለሚያጠፋው ብዙ ታካሚዎች ቀጥ ብለው መቆም አቅቷቸው ወደ ፊት አዘንብለው ቀርተዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ቁመት ለብቻው፣ አንግል ለብቻው ይሁን።

እዚህ የምንወስደው ምሳሌ ከኋላ በኩል የሚገባ፣ 26 ሚሊሜትር ርዝመትና 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ሲታጠፍ 8 ሚሊሜትር ቁመት የሚኖረው ኬጅ ነው።

ከአንግሉ ይጀምሩ

ከጠቅላላው የወገብ ቅስት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚገኘው ከአራተኛው የወገብ አከርካሪ እስከ ሳክረም (ከወገብ በታች ዳሌው ላይ ያለው አጥንት) ባለው ክፍል ነው፤ ኬጁም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው እዚያው ነው። ሐኪሞች የሚያነጣጥሩት በዳሌው ኢንሲደንስ (ሰውየው ምን ያህል የወገብ ቅስት እንደሚያስፈልገው የሚጠቁም የዳሌ አንግል) እና በወገቡ ሎርዶሲስ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። አንድ ኬጅ ለብቻው ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ ግን 10 ዲግሪ ድረስ መክፈት ቢችል ለሐኪሙ በቂ ነፃነት ይሰጠዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ 26 ሚሊሜትር በ10 ዲግሪ ታንጀንት ሲባዛ 4.6 ሚሊሜትር ይመጣል። የኋላው ጫፍ 8 ሆኖ ሲቀር የፊቱ 12.6 መድረስ አለበት ማለት ነው። ብዙ ነዳፊዎች የሚዘነጉት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የፊቱ 12.6 ላይ እንዳለ የኋላውን በ2 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ብናደርገው 10 ዲግሪው ወደ 5.7 ይወርዳል። ነርቩን ለማላቀቅ የተጨመረችው 2 ሚሊሜትር ቅስቱን በግማሽ ገደማ ትበላዋለች። ስለዚህ የአጠቃቀም መመሪያው ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያስቀምጥ፦ መጀመሪያ የኋላው ቁመት፣ ቀጥሎ የፊቱ። ሐኪሙ የኋላውን በኋላ ከነካ አንግሉን እንደገና ማየት አለበት።

ሽብልቁና ብሎኑ

አስተማማኙ ዘዴ በብሎን የሚጎተት ሽብልቅ ነው። የፊቱን የሚያነሳው ሽብልቅ በመሃል በሚያልፍ 4 ሚሊሜትር ብሎን ይነዳል፤ የኋላው ደግሞ ያንን በሚከብ፣ ውስጡ ባዶ በሆነ 6 ሚሊሜትር ብሎን። 8 ሚሊሜትር ቁመት ውስጥ 6 ሚሊሜትር ብሎን ሲገባ ከላይም ከታችም 1 ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል። ከንድፉ ሁሉ የሚጠበው ይህ ቦታ ስለሆነ ሌላውን ከመሳልዎ በፊት እሱን ይጨርሱ።

ሽብልቁ ከላይም ከታችም 20 ዲግሪ ተዳፋት ካለው፣ በሄደበት ሚሊሜትር ቁመቱ 0.73 ሚሊሜትር ይጨምራል። ብሎኑ በአንድ ዙር 0.7 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ አንድ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር ያነሳል። 4.6ቱን ለማንሳት ዘጠኝ ዙር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ዙር 1.1 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሐኪም እጅ ይህ ጥሩ መጠን ነው። ተዳፋቱን 30 ዲግሪ ብናደርገው ጉዞው ያጥራል፣ ግን 500 ኒውተን ለማንሳት ብሎኑ ላይ የሚያርፈው ጉተታ ከ540 ወደ 800 ኒውተን ገደማ ያድጋል። በዚህ መጠን ላለ ብሎን 20 ዲግሪ ይሻላል።

የመፍቻው ቀዳዳ የት እንደሚቆፈር ይጠንቀቁ። ጥርስ ባለበት የብሎኑ እምብርት 3.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲገባበት የሚተርፈው ግድግዳ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እዚያ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን ጥርስ በሌለው ሙሉ 4 ሚሊሜትር ክፍል ላይ ያድርጉት።

ቶርክ የሚያታልልበት ቦታ

ቶርክ ብሎኑን የሚያዞረው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የሰበቃ መጠኑ 0.15 ሲሆን 500 ኒውተን ለማንሳት፣ የብሎኑ አንገት ሰበቃ ተጨምሮ 0.39 ኒውተን ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ቶርክ የሚገድብ እጀታ በዚህ ልክ ተሠርቶ በደረቅ ጠረጴዛ ላይ ቢስተካከል ትክክል ይመስላል። ደምና ፈሳሽ ሲገባበት ሰበቃው ወደ 0.1 ከወረደ ግን ያው 0.39 ወደ 790 ኒውተን ገደማ ያነሳል። እጀታው ምንም አልተለወጠም፤ አጥንቱ ላይ ያረፈው ኃይል ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። እጀታውን ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ኬጅ ያስተካክሉ፣ ገደቡንም ከዚያው ውጤት ይውሰዱ።

ይህ ጉዳይ የሚከብደው በአጥንቱ ምክንያት ነው። ኢንድፕሌት የሚባለው የአከርካሪው ጠፍጣፋ ገጽ ጠርዙ ላይ ጠንካራ፣ መሃሉ ላይ ደካማ ነው። የንቅለ አጥንቱን (ሁለቱ አከርካሪዎች እንዲገናኙ ኬጁ ውስጥ የሚሞላውን አጥንት) ክፍት ቦታ ስንቀንስ ኬጁ የሚያርፍበት ስፋት 210 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 790 ኒውተን እዚያ ላይ 3.8 ሜጋፓስካል ግፊት ይፈጥራል። ከገጹ ሥር ያለው ስፖንጅ መሰል አጥንት፣ በተለይ የሳሳ ከሆነ፣ በጥቂት ሜጋፓስካል ይደቃል። ኬጁ ከሰመጠ የተገኘው ቁመትም አንግሉም አብረው ይጠፋሉ። የፊቱ ጫፍ ጠርዙ ላይ እንዲያርፍ ርዝመቱን ይምረጡ፤ ለተለያየ የሰውነት መጠን ከአንድ በላይ ርዝመት ያዘጋጁ።

መቆለፊያው

20 ዲግሪ ተዳፋት ራሱን አይዝም፤ በ0.15 ሰበቃ ራሱን የሚይዘው ከ8.5 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ሸክሙን የሚይዘው ብሎኑ ነው። የጥርሱ ዝንባሌ 3.6 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቆሞ ለሚጫን ሸክም አይላላም። ሰው ሲራመድ ግን ሸክሙ ይመላለሳል፣ ጥርሶቹ በትንሹ ይንሸራተታሉ፣ ብሎኑም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል። ሁለተኛ መቆለፊያ የግድ ነው፦ በየግማሽ ዙሩ ጠቅ የሚል ስፕሪንግ ወይም ከኋላ የሚገባ ማሰሪያ ብሎን። ስፕሪንጉ የተሻለ ነው፤ ማሰሪያ ብሎን ሊረሳ ይችላል።

ቁሳቁስ

ቲ6ኤል4ቪ ኢሊ የተባለው፣ በኤኤስቲኤም ኤፍ136 የተደነገገው የታይታኒየም ቅይጥ ለተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ይስማማል። ፒክ ፕላስቲክ ለአጥንት በሚቀርበው ልስላሴውና ኤክስሬይ በማሳለፉ ይወደዳል፤ ነገር ግን በዚህ መጠን ቀጭን ጥርስና ተዳፋት አይሸከምም። ታይታኒየም በታይታኒየም ላይ ሲንሸራተት ተናክሶ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ተንሸራታቹን ገጽ አኖዳይዝ ያድርጉ (በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን ይስጡት) ወይም ብሎኑን ከኮባልት ክሮም ይሥሩ። የማይዝግ ብረት ከታይታኒየም ጋር አይቀላቅሉ። አጥንት እንዲያድግበት በ3ዲ የታተመ ቀዳዳማ ገጽ የሚኖረው ከውጭ ብቻ ነው፤ ተንሸራታች ክፍል ላይ ብናኝ ያመርታል። በማግኔት የሚረዝሙ የልጆች ዘንጎች ከሰውነት ሲወጡ በዙሪያቸው የታይታኒየም ብናኝ ያጠቆረው ሥጋ ተገኝቷል፤ በሰውነት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት።

ባዶ የሚቀረው ቦታ

10 በ5 ሚሊሜትር የሆነው የንቅለ አጥንት ክፍል ኬጁ ሳይከፈት ቢሞላም፣ የኋላው 2፣ የፊቱ 4.6 ሚሊሜትር ሲከፈት በአማካይ 3.3 ሚሊሜትር ስለሚጨምር 165 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ባዶው ካልተሞላ አጥንቱ የሚገናኝበት ድልድይ አያገኝም። ከተከፈተ በኋላ ንቅለ አጥንቱን በማስገቢያው መሣሪያ በኩል የሚገፋ ቀዳዳ ከጅምሩ ይተው፤ ሁለቱ ብሎኖች መሃሉን ስለሚይዙት ቀዳዳው በጎን ይሁን።

ፈተና

ኤኤስቲኤም ኤፍ2077 የኬጁን የግፊት፣ የሸር (ወደ ጎን የሚያንሸራትት ኃይል) እና የመጠምዘዝ ጥንካሬ ይፈትሻል፤ ተመላላሹ ሸክም 5 ሚሊዮን ዙር ይደርሳል። ኤፍ2267 ደግሞ በፖሊዩሬታን ፎም ላይ መስመጡን ይለካል። ሁለቱንም ታጥፎ ባለ ኬጅ ብቻ መፈተሽ ዋጋ የለውም። ሙሉ በሙሉ የተከፈተውን፣ 10 ዲግሪ ላይ ያለውን፣ ከመጠኖቹ ሁሉ አጭሩን ይፈትሹ። ከፈተናው በፊትና በኋላ የፊቱንና የኋላውን ቁመት ለየብቻ ይለኩ፤ አማካይ ቁመቱ ሳይነካ አንግሉ ሊወርድ ይችላል። ፈተናው በፈሳሽ ውስጥ ከተደረገ ፈሳሹን አጣርተው ብናኙን ይመርምሩ፣ ኬጁን ፈተው ተዳፋቶቹን በማይክሮስኮፕ ይዩ። ማንኛውም ግኝት በአይኤስኦ 14971 የአደጋ መዝገብ ውስጥ ይግባ፤ ኬጁ ወደ ሰው የሚሄደው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከፈቀደ በኋላ ብቻ ነው።

5 ሚሊዮኑ ዙር ካለቀ በኋላ አንድ ፈተና ይቀራል፦ ኬጁን በመፍቻው ወደ ታጠፈ ቁመቱ ይመልሱት፣ የወሰደውንም ቶርክ ይመዝግቡ። ከመፍቻው ቀዳዳ ጥንካሬ በላይ ከጠየቀ፣ ዳግም ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው ሐኪም ኬጁን የሚያወጣው አጥንቱን ሰብሮ ነው፤ ያኔ ወደ ጥርሱና ወደ ተዳፋቱ ገጽ ይመለሱ።