ኮንትራክተሩ ከስሯል፣ የቤታችሁን ጉዳት ካሳ እንዴት ትጠይቃላችሁ?

ኮንትራክተሩ ከሰረ ሲባል ብዙ ሰው "በቃ ቀለጠ" ብሎ ይተወዋል። ግን ድርጅቱ ቢከስርም የገባው የኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍልለት ኢንሹራንስ፣ አብሮት አይከስርም፣ ባዶ ካዝና ከማንኳኳት መጀመሪያ እሱን መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ጉዳቱ እንዳይብስ አድርጉ። በደንብ ያልታሰረ ቧንቧ ኮርኒሱን አበስብሶት ከሆነ ውሃውን ዝጉ፣ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፣ ከዛ ነው የሚነቀለው። የተነቀለችውን መጋጠሚያ ደሞ እንዳትጥሏት፣ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ቀኑን ፅፋችሁ አስቀምጡ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምትመሰክረው እሷ ናት። ዝም ብላችሁ ካቆያችሁት ኢንሹራንሱ "እናንተ ናችሁ ያባባሳችሁት" ብሎ ሊቀንስባችሁ ይችላል።

ቀጥሎ የምር መክሰሩን አጣሩ፣ ስልክ አለማንሳት ኪሳራ አይደለም። ጠፍቶ ብቻ ከሆነ እንደማንኛውም ባለዕዳ ይከሰሳል። ኪሳራው በፍርድ ቤት ከታወጀ ግን በብዙ አገር ክሶች ይቆሙና ነገሩ ሁሉ በተሾመው አጣሪ፣ ማለትም የከሰረውን ድርጅት ንብረት ሰብስቦ ለባለገንዘቦች በሚያከፋፍለው ሰው፣ በኩል ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። ውላችሁን ገልብጡ፣ የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ኮፒ አብሮ ተያይዞ ሊሆን ይችላል፣ ከሌለ የኢንሹራንሱን ስም፣ የፖሊሲ ቁጥሩንና ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሰራ አጣሪውን በፅሁፍ ጠይቁት። አንዳንድ አገር ህጉ ተጎጂው በቀጥታ ኢንሹራንሱን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፣ የማይፈቅድ ከሆነ በአጣሪው በኩል ነው። አንዳንዱ ፖሊሲ የሚያየው ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ሲሆን ሌላው ደሞ ጥያቄው የቀረበበትን ቀን ነው፣ የከሰረ ድርጅት ፖሊሲውን ስለማያድስ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ መዘግየት ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣችሁ ይችላል፣ ስለዚህ የጉዳቱ ዋጋ ባይታወቅም የማሳወቂያ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ላኩ።

ፕሮፎርማ ስታሰሩ ለሁለት ይከፈል። ይሄ ነገር ብዙ ሰው ያመልጠዋል፣ የኃላፊነት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው የተበላሸው ስራ ሌላ ነገር ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው እንጂ ስራውን ራሱን እንደገና ለመስራት አይደለም። ማለትም የበሰበሰው ኮርኒስ፣ ያበጠው ወለል፣ የራሰው ቁም ሳጥን አንድ ወረቀት ላይ፣ ቧንቧውን እንደ አዲስ መዘርጋት ሌላ ወረቀት ላይ። ተቀላቅሎ ከቀረበ ሁሉንም ውድቅ ለማድረግ ሰበብ ይሆናቸዋል።

የራሳችሁ የቤት ኢንሹራንስ ካለም ወዲያው አሳውቁ፣ እነሱ ከከፈሏችሁ በኋላ በናንተ ቦታ ገብተው ተጠያቂውን ይጠይቃሉ፣ ለዚህ ነው ከኮንትራክተሩ ጋር "ተስማምተናል፣ ሌላ ጥያቄ የለንም" የሚል ወረቀት መፈረም የሌለባችሁ።

ለቀረው፣ በተለይ ለቧንቧው ወጪ፣ አጣሪው ጋ የገንዘብ ጥያቄ አስመዝግቡ፣ ቀነ ገደብ ስላለው ቶሎ። ብዙ አትጠብቁ፣ መያዣ ያለው ባንክ፣ የሰራተኛ ደሞዝና ግብር በብዙ ቦታ ይቀድሟችኋል። በጎን ቧንቧውን የዘረጋው ሰብኮንትራክተር፣ ስራውን የተቆጣጠረው ኢንጂነር ወይም የእቃው ፋብሪካ ተጠያቂ መሆን አለመሆናቸውን እዩ፣ እነሱ አልከሰሩም እኮ።

ለኮንትራክተሩ ያልከፈላችሁት የመጨረሻ ክፍያ ካለ አጣሪው መጠየቁ አይቀርም፣ ደንግጣችሁ እንዳትከፍሉ፣ ከጉዳቱ ጋር ይቻቻልልኝ፣ ማለትም የጉዳቱ ዋጋ ከዕዳዬ ላይ ይቀነስልኝ ብላችሁ ሁለቱንም ፕሮፎርማ አያይዛችሁ በፅሁፍ መልሱለት።