ሾትገንን እንደ ክላሽ መያዝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በገላን፣ በሰበታና በለገጣፎ መጋዘኖች በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ብዙ ጊዜ እጁ የለመደው ክላሽን ነው። ግማሽ አውቶማቲክ ሾትገን፣ ማለትም ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጊዜ ተኩሶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ፣ ሲሰጠው ያንኑ ልማድ ይዞ ይመጣል፤ አደጋውም ብልሽቱም ከዚያ ይጀምራል። ክላሽ የሚጎርሰው አንድ ዓይነት ጥይት ነው፣ የጥይቱም ጉልበት ያው ነው። ሾትገን ግን ለወፍ ከሚሆን ደቃቅ ፍሬ ጀምሮ እስከ አንድ ትልቅ እርሳስ ድረስ ይጎርሳል። ራሱን በራሱ የሚያጎርስ መሣሪያ ደግሞ ለዚህ ሥራው የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚያገኘው ከጥይቱ ነው። ብዙ ሠራዊቶች በእጅ እየተሳበ የሚያጎርሰውን ፓምፕ ለረጅም ዘመን የመረጡት ከዚህ የተነሳ ነው። (መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሕግ ለታጠቀ ሰው የተጻፈ ነው።)

አቀባብሎ ብቻ "ባዶ ነው" ማለት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ክላሽ ሲራገፍ ካዝናው ይነቀላል፣ ይቀባበላል፣ ይታያል፤ አለቀ። አብዛኛው ግማሽ አውቶማቲክ ሾትገን የሚነቀል ካዝና የለውም፤ ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንዱን አውጥቶ ማቀባበያውን መልቀቅ ከቱቦው ሌላ ጥይት ሊያስገባ ይችላል። ደጋግሞ እያቀባበሉ ማራገፍም አይገባም፤ እያንዳንዱ ጥይት በርሜል ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣ አደጋው በጥይቱ ቁጥር ይባዛል።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። አፈሙዙን ወደ አሸዋ ጆንያ አዙሩ፣ ጣት ከቃታ ይራቅ፣ ደህንነቱ ይቆለፍ። መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ያለውን ጥይት አውጡ። ከዚያ መሣሪያውን ገልብጣችሁ የቱቦውን መያዣ በመጫን ጥይቶቹን አንድ በአንድ በእጅ ተቀበሉ። በመጨረሻ ማቀባበያውን ወደ ኋላ አቁማችሁ ሦስት ቦታ እዩ፤ በትንሿ ጣትም ዳስሱ፦ የበርሜሉን መነሻ፣ የጥይቱን ማንሻ ሳህን፣ የቱቦውን አፍ። ማንሻው ላይ ተደብቆ የሚቀር ጥይት አለ፤ በጨለማ የተረካከበ ተረኛ የማያየው እሱን ነው።

የደህንነት ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ማመን

በአብዛኞቹ ሾትገኖች ላይ ቁልፉ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው። መሣሪያው ከግንብ ላይ ቢወድቅ መምቻውን ላያግደው ይችላል። በር ላይ ሲቆም ቱቦው ሞልቶ በርሜሉ ባዶ ይሁን።

"12" እና "20"ን ማደባለቅ

12 እና 20 የሾትገን በርሜል ስፋት መለኪያ (ጌጅ) ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፦ የ12 በርሜል ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ የ20 ወደ 15.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ የሚነግረን በበርሜሉ ልክ የሆኑ ስንት የእርሳስ ኳሶች አንድ ፓውንድ ወይም 454 ግራም እንደሚሞሉ ነው። የ20 ጥይት በስህተት ወደ 12 ከገባ ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ "አልጎረሰም" ብሎ በላዩ የ12 ጥይት አስገብቶ ሲተኩስ በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጥይት ቢጫ ተደርጎ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ርዝመቱም ወጥመድ አለው። ጥይቱ ላይ የተጻፈው 70 ወይም 76 ሚሊ ሜትር ከተተኮሰ በኋላ አፉ ተከፍቶ የሚኖረው ርዝመት ነው። ስለዚህ ያልተተኮሰ የ76 ጥይት በ70 መሣሪያ ውስጥ በሰላም ገብቶ ይዘጋል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ከልኩ ያልፋል። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ሳያነቡ ጥይት መግዛት ማለት ይህን አደጋ መግዛት ነው።

ሲነክስ ወዲያው መሣሪያውን መውቀስ

መጀመሪያ መታየት ያለበት ጥይቱ ነው። ከ24 እስከ 28 ግራም እርሳስ የሚይዝ የዒላማ መለማመጃ ጥይት ለጦር የተሠራን ሾትገን ብዙ ጊዜ አያንቀሳቅሰውም፤ ቀለህ ሳይወጣ ይቀራል ወይም መውጫው ላይ ይነከሳል።

ቀጥሎ አሠራሩን ማወቅ ነው። የጆን ብራውኒንግ አውቶ-5 እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ በቤልጅየም ተመርቷል፤ ብሪታንያ በማላያ ጫካ ውጊያ ተጠቅማበታለች። በዚህ መሣሪያ በርሜሉ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ግፊቱን የሚያለዝበውም በቱቦው ላይ የሚገባ የብረት ቀለበት ነው። ለከባድ ጥይት ቀለበቱ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) ፊት፣ ለቀላል ጥይት ከሞላው ኋላ ይሆናል። ለቀላል እንደተደረገ ከባድ ጥይት ቢተኮስበት የመሣሪያው አካል ይደበደባል፣ የፊቱ እንጨትም ይሰነጠቃል። በተቃራኒው ከሆነ ቀለህ አያወጣም። ፈተው የገጠሙት ሰዎች ቀለበቱን የት እንዳገኙት ሳያስተውሉ ይመልሱታል፤ የአሮጌ አውቶ-5 ብዙው "ብልሽት" ይኸው ነው።

እንደ ጣሊያን ሠራሹ ቤኔሊ ኤም 1 ባሉት ሾትገኖች ደግሞ ሥራውን የሚሠራው መሣሪያው ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ሰደፉን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ መተኮስ፣ ወይም ከባድ መብራትና ማነጣጠሪያ መደርደር ያንን እንቅስቃሴ ይገድለዋል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1999 ኤም 1014 ብሎ የተቀበለው ቤኔሊ ኤም 4 ጥይቱ ሲተኮስ በሚፈጠረው ጋዝ ይሠራል፦ ሁለት አጫጭር ፒስተኖች ከበርሜሉ መነሻ አጠገብ ተቀምጠዋል። እንዲህም ሆኖ ለስላሳ ጥይት ያስቸግረዋል።

"የምሽግ ሾትገን አውቶማቲክ ነበር፤ ኋላ በሕግ ታገደ" ማለት

ሁለቱም ስህተት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነው ዊንቸስተር 1897 ፓምፕ ነው። ጀርመን በመስከረም 1918 እ.ኤ.አ. የሄግን ስምምነት ጠቅሳ ተቃወመች፤ ሾትገን ይዞ የተማረከ እንደሚገደልም አስጠነቀቀች። አሜሪካ ተቃውሞውን ውድቅ አደረገች፣ መሣሪያውም በአገልግሎት ላይ ቀጠለ። ያ ጦርነት ያስተማረው ሌላ ነው፦ የወረቀት ቀለህ በምሽጉ እርጥበት እያበጠ አልጎርስ አለ፣ በናስ ቀለህም ተተካ። የፕላስቲክ ቀለህ አያብጥም፤ የናስ ግርጌው ግን ይሻግታል። አረንጓዴ ያወጣ ጥይት ተረኛ እጅ ላይ መቆየት የለበትም።

"ሳያነጣጥሩም ይመታል" ብሎ ማሰብ

ፍሬዎቹ በሩን ሙሉ አይሸፍኑም። አፉ ባልጠበበ በርሜል የፍሬዎቹ ግምታዊ የመበተን ስፋት በአንድ ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ10 ሜትር ላይ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የተለመደው ባለ 9 ፍሬ ጥይት እያንዳንዱ ፍሬ 8.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሳተው ፍሬ ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል። ከመጋዘኑ አጥር ማዶ የቆርቆሮ ቤቶች በተደረደሩበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዩክሬን ጦርነት ወታደሮች ትንንሽ ድሮኖችን በሾትገን ሲመቱ የሚያሳየው ምስልም ተመልካችን ያታልላል፤ የሚሠራው በአሥር ቤት በሚቆጠር ሜትር ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላው መከላከያ ሁሉ ሲከሽፍ።

ካዝና ሞልቶ ለወራት መተው

ሳይጋ-12 የተባለው የሩሲያ ሾትገን ክላሽን ስለሚመስልና የሚነቀል ካዝና ስላለው ይህ ስህተት ይበዛበታል። የፕላስቲክ ቀለህ በሞላው ግፊት እየተጨፈለቀ ሞላላ ይሆንና አይገባም። የላይኛዎቹን ሁለት ሦስት ጥይቶች በየሳምንቱ አውጥቶ መለወጥ ይበጃል።

ግራሶ መለጠፍ

በበጋ የገላን መንገድ አቧራ ግራሶ ላይ ተጣብቆ እንደ ሞረድ ይበላል፤ በሱሉልታ የሌሊት ብርድ ደግሞ ግራሶው ረግቶ ማቀባበያውን ያዘገየዋል። የሚያስፈልገው ቀጭን የመሣሪያ ዘይት ነው፦ መንሸራተቻው ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ቀሪው በጨርቅ ይጠረግ። የጋዝ ፒስተን ጥላሸቱ ተፍቆ ደረቅ ሆኖ ይግጠም። በጋዝ በሚሠራው በአሜሪካው ሬሚንግተን 1100 ሾትገን ላይ ያለችው ቀጭን የጎሚኒ ቀለበት ከተቀደደች ወይም ከጠፋች መሣሪያው ራሱን አያጎርስም፤ በፈታችሁት ቁጥር እዩአት፣ ትርፍም ይኑራችሁ።

ክረምት ሲወጣ የሚረሳው ሰደፉ ውስጥ ያለው ሞላ ነው። በብዙ ሾትገኖች ማቀባበያውን ወደ ፊት የሚመልሰው እሱ ነው፣ ዝናብም እየሰረገ ያዝገዋል። ላዩን የተወለወለ መሣሪያ ጥይቱን አስገብቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳይዘጋ ከቀረ፣ የሰደፉ ብሎን ተፈትቶ ሞላው ይውጣ፤ በነጭ ጋዝ ታጥቦ ይድረቅና በስሱ ዘይት ተቀብቶ ይመለስ። ዝገቱ ጉድጓድ ካበጀበት ግን ይለወጥ።