የዋገን መኪና የኋላ መስታወት ሲሰበር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የመርሰዲስ፣ የቮልቮ ወይም የቢኤምደብሊው ዋገን፣ ማለትም ጣሪያው እስከ ኋላው በር የሚዘልቅ የቤት መኪና፣ የሚነዱ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። ምርጫቸው ይገባኛል። የልጅ ጋሪውም፣ የሠርግ ድስቱም፣ የኤርፖርት ሻንጣውም ሁሉ ከኋላ ይገባል። የኋላው መስታወት የተሰበረ ቀን ግን አብዛኛው ሰው ስልኩን ያነሳል፣ መጀመሪያ ያገኘው ሱቅ ጋ ይደውላል፣ "ስንት ነው?" ይላል። በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

ዋጋ መጠየቁ ጥሩ ነው። ግን የዋገን የኋላ መስታወት ብዙ ነገር ተሸክሟል። ጭጋግ የሚያጠፋው የማሞቂያ መስመሮች ታትመውበታል። በብዙ ሞዴሎች የሬዲዮ አንቴናውም እዚያው ነው። ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ በሚከፈትና በሚዘጋ በር ላይ ነው የተጣበቀው። ሥራው ከተበላሸ ውሃ ይገባል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ከሻንጣ ቦታው ወለል ስር ያለው ኤሌክትሮኒክስ ይበላሻል። የዚያ ወጪ ከመስታወቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ተረጋግታችሁ አንብቡኝ።

"ይጠገናል" ብሎ መጠበቅ

የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ነው፣ መሃሉ ላይ ፕላስቲክ አለ። ለዚህ ነው ጠጠር ሲመታው ትንሽ ተሰንጥቆ የሚቀረውና ሬዚን በሚባል ግልጽ ፈሳሽ የሚሞላው። የኋላው በአብዛኛው አንድ ንብርብር ነው። ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በአየር በድንገት እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ የጠነከረ መስታወት ነው። ሲሰበር ባንዴ ወደ ትናንሽ ጠጠሮች ይበተናል። ጥገና የለውም፣ መቀየር ብቻ ነው። ከጠነከረ በኋላ መቁረጥም ሆነ መብሳት አይቻልም። ስለዚህ ከሌላ መኪና መስታወት "ቆርጬ አስተካክልልሃለሁ" የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ መስታወት አያውቅም፣ ወይ ሊገጥምላችሁ ያሰበው ተራ የቤት መስታወት ነው። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ ስለታም ሆኖ ነው የሚሰበረው። አትቀበሉ።

ኋላው ክፍት ሆኖ መንዳት

ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አደጋ መሆኑን አያውቅም።

የዋገን ጀርባ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። መኪናው ሲሮጥ ከኋላው ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጭስም ወደዚያው ይሳባል። መስታወቱ ከሌለ ጭሱ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራችኋል፣ እናንተ ግን "ዛሬ ደክሞኛል" ትላላችሁ። ከኋላ የተኛ ልጅ ካለ ደግሞ ማን ይነግራችኋል?

የግድ መንዳት ካለባችሁ ክፍቱን በወፍራም ፕላስቲክ በደንብ ሸፍኑት። ከፊት ንጹሕ አየር እንዲገባ ማራገቢያውን ክፈቱ፣ አየሩን ከውስጥ እያዞረ እንዳይመልስ አድርጉት። ሃይዌይ አትውጡ፣ እስከ ጋራዥ ብቻ ንዱ። ልጆችን አትጫኑ። ፕላስቲኩን ስትለጥፉም ያን ብርማውን ወፍራም ፕላስተር ቀለሙ ላይ አታድርጉት፣ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይቀራል፣ አንዳንዴ ሲነቀል የቀለሙን ሽፋን ይዞ ይመጣል። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ፕላስተር ይሻላል።

ስብርባሪውን ላይ ላዩን ጠርጎ መተው

የተበተነው መስታወት የማይገባበት ቦታ የለም። የኋላው በር ውስጡ ባዶ ነው፣ ግማሹ ስብርባሪ እዚያ ይወርዳል። በሩ በተዘጋ ቁጥር የሚንኳኳ ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁ ቀላሉ ነው። በሩ ስር ውሃ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ስብርባሪው ይደፍናቸዋል፣ ውሃው ይጠራቀማል፣ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። የበሩን የውስጥ ሽፋን ሳይፈታ "ጠርጌዋለሁ" የሚል ባለሙያ አልጠረገም።

አሜሪካ ውስጥ በተሸጡ ብዙ የመርሰዲስ ኢ-ክላስ ዋገኖች ደግሞ ከወለሉ ስር የሚታጠፍ ሦስተኛ መቀመጫ አለ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ፣ ለሁለት ልጆች የሚሆን። ልጆቹ የሚቀመጡት ከዚሁ መስታወት ፊት ለፊት ነው ማለት ነው። መቀመጫውን ዘርጉት፣ በየስፌቱ ቫኪዩም አስገቡ፣ የቀበቶውን መቆለፊያ ደግሞ አንድ በአንድ እያስገባችሁ ሞክሩት። አንዲት ፍሬ መስታወት መቆለፊያው ውስጥ ከገባች ቀበቶው የተቆለፈ መስሎ ላይቆለፍ ይችላል። ስኮርታ ጎማውን አንስታችሁ ጉድጓዱን እዩ። በባዶ እጅ አትዳብሱ፣ ጓንት አድርጉ።

በሞዴልና በዓመት ብቻ ማዘዝ

"የ2012 ኢ-ክላስ ዋገን የኋላ መስታወት" ብሎ ማዘዝ አይበቃም። የዚያው ዓመት መኪና ሆኖ አንዱ ጠቆር ያለ መስታወት አለው፣ ሌላው የለውም። የአንዱ አንቴና መስታወቱ ላይ ነው፣ የሌላው ሌላ ቦታ። የማሞቂያው ሽቦ የሚገባበት ጎን ይለያያል። በአንዳንድ ሞዴሎች የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ በመስታወቱ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ባለ 17 አኃዙን የሻንሲ ቁጥር ስጡ፣ በእሱ ይፈለግላችሁ።

የቢኤምደብሊው 5 ሲሪስ ዋገን ያላችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። ፋብሪካው ኢ39 ብሎ ከሚጠራው ትውልድ እስከ ጂ31 ድረስ ባሉት መስታወቱ ከበሩ ተለይቶ ለብቻው ይከፈታል። ማጠፊያ አለው፣ መቆለፊያ አለው፣ የራሱ ላስቲክ አለው። ይሄን ሥራ "እንደማንኛውም መስታወት ነው" ብሎ የሚጀምር ሰው ጋ አትውሰዱት።

አዲሱ መስታወት ሲመጣ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። የአምራቹ ስም አለ፦ ሴኩሪት፣ ፒልኪንግተን፣ ኤጂሲ፣ ፉያኦ ወይም ሌላ። እዚያው ኤኤስ2 ወይም ኤኤስ3 የሚል ታገኛላችሁ። ኤኤስ3 ጠቆር ያለው፣ ከ70 በመቶ በታች ብርሃን የሚያሳልፈው ነው። በጎን ካሉት የኋላ መስታወቶች ጋር አስተያዩት። ጎኑ ጥቁር ሆኖ ኋላው ነጭ ከሆነ መኪናው ከሩቅ ያስታውቃል፣ የመሸጫ ዋጋውንም ይቀንስባችኋል። የመርሰዲስ ኮከብ የሌለበት መስታወት ሁሉ መጥፎ ነው የሚል እምነት ግን የለኝም። ለፋብሪካው የሚሠሩት እነዚሁ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ያለ ምልክትም ይሸጣሉ።

ኢንሹራንስን ሳይጠይቁ ከኪስ መክፈል

አጭር ነገር ነው። ሌባም ይስበረው፣ ዛፍ ይውደቅበት፣ የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ክፍል ነው። ግጭት ብቻ የሚሸፍን ውል ከያዛችሁ አይከፍላችሁም። መጀመሪያ ዲዳክቲብላችሁን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን እዩ፣ ከሱቁ ዋጋ በላይ ከሆነ መደወሉ ምን ያደርጋል። "መስታወት በነፃ ነው" የሚለውን ወሬም አትመኑ። ለምሳሌ ፍሎሪዳ ውስጥ ዲዳክቲብል የሚያስቀረው ሕግ ለፊት መስታወት እንጂ ለኋላው አይደለም። ሌባ ከሰበረው ፖሊስ ጋ አመልክቱ፣ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ጥረጉ።

ማጣበቂያው ላይ መቸኮል

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

የዛሬ መኪኖች የኋላ መስታወት የሚያዘው ዩሬታን በሚባል ማጣበቂያ ነው። ሲሊኮን አይደለም። ከሃርድዌር ሱቅ በተገዛ ሲሊኮን የተለጠፈ መስታወት ለጊዜው ውሃ ሊይዝ ይችላል፣ መስታወቱን ግን አይዝም።

ጥሩ ባለሙያ አሮጌውን ማጣበቂያ ሙልጭ አድርጎ እስከ ብረቱ አይፍቀውም። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ስስ ሽፋን ይተዋል፣ አዲሱ በእሱ ላይ በደንብ ይይዛል። ስለቱ ቀለሙን ከጫረው ደግሞ ያን ጭረት ፕራይመር በሚባለው መነሻ ቅብ ይሸፍነዋል፣ እስኪደርቅም ይጠብቃል። ያልተሸፈነ ጭረት ዝገት ይሆናል፣ ዝገቱ ከማጣበቂያው ስር እየተስፋፋ ይሄዳል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ውሃ ሲገባ "ላስቲኩ ነው" ትባላላችሁ። ላስቲኩ አይደለም። ለዚህ ነው ሥራው ሲጀመር ቆማችሁ እዩ የምለው፣ ጠይቁ፣ "ጭረቱን ፕራይመር አድርገኸዋል?" ማለት ስድብ አይደለም።

የአዲሱ መስታወት ጠርዝም መጽዳት አለበት፣ ከዚያ በኋላ በጣት መነካት የለበትም። የእጅ ቅባት ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። በጠርዙ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቅብ ለጌጥ የተቀባ እንዳይመስላችሁ፣ ማጣበቂያውን ከፀሐይ የሚከላከለው እሱ ነው።

ሌላው አየሩ ነው። ዩሬታን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው። በክረምት፣ እዚህ ዲሲ ብርዱ ሲበረታ፣ አየሩ ደረቅ ይሆናል፣ ቀዝቃዛም ነው፣ ስለዚህ ሥራው በጣም ይዘገያል። "ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ፓርኪንግ ላይ እገጥማለሁ" የሚል አገልግሎት በበጋ ምቹ ነው። ዝናብ በሚጥልበት ወይም በሚበርድበት ቀን ግን ቀጠሮውን አዘዋውሩ፣ ወይ ጣሪያ ያለበት ቦታ አድርጉት። መኪናውን መቼ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል የሚወሰነው በማጣበቂያው ዓይነት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያስነዳ አለ፣ ሙሉ ቀን የሚፈልግም አለ። ቱቦው ላይ ተጽፏል፣ አሳዩኝ በሉ።

በሩን ማላተምና ወዲያው ማሳጠብ

በተዘጋ መኪና ውስጥ በር ሲላተም አየሩ መውጫ ያጣል፣ ያልደረቀውን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል። በመጀመሪያው ቀን የፊቱን የጎን መስታወት ትንሽ ከፍታችሁ ተዉት። የኋላውን በር ደግሞ ባትከፍቱት ይመረጣል፣ የግድ ከሆነ በቀስታ። በሞተር የሚዘጋ በር ከሆነ ልጆቹ ቁልፉን እንዳይጫኑት ንገሯቸው። ሁለት ቀን ያህል በግፊት ውሃ አታሳጥቡት። ባለሙያው የለጠፈውን ፕላስተር አስቀያሚ ነው ብላችሁ አትንቀሉት።

ሳይሞክሩ ተረክቦ መሄድ

ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን አስነሱ። ማሞቂያውን አብሩ፣ መስታወቱ ላይ ከውስጥ ተንፍሱበት፣ ጭጋጉ በየመስመሩ እየጠፋ መሄድ አለበት። አንዱ መስመር ላይ ጭጋጉ ከቀረ እዚያ ተቆርጧል ማለት ነው። ሬዲዮውን ደካማ ጣቢያ ላይ አድርጉ። መጥረጊያውን፣ የመጥረጊያውን ውሃ፣ ካሜራውን፣ መቆለፊያውን፣ ከላይ ያለውን ሦስተኛ የፍሬን መብራት ሞክሩ። ይሄ መብራት አሜሪካ ውስጥ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለቤት መኪና ግዴታ ነው፣ መስታወት ሲቀየር ሶኬቱ ተረስቶ ሊቀር ይችላል።

አዲስ መስታወት ተገጥሞም ማሞቂያው እምቢ ካለ ባለሙያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ባልቦላውን እዩ፣ ከዚያ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን ሽቦ። በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፣ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበጠሳል። ከላይ ካልኳቸው የቢኤምደብሊው 5 ሲሪስ ዋገን ትውልዶች አንዱ በሆነው በኢ61 ላይ የታወቀ በሽታ ነው።

ማሞቂያው ከሠራ በኋላ ደግሞ እናንተ አታበላሹት። መስመሮቹ መስታወቱ ላይ የታተሙ ቀጭን ብር ያለበት ቅብ ናቸው፣ ምላጭ ይቆርጣቸዋል። የድሮ የመስታወት ማጥቆሪያ ፊልም በምላጭ መፋቅ የለም። ከውስጥ ስትጠርጉ በመስመሮቹ አቅጣጫ ወደ ጎን ጥረጉ። በበረዶ ቀን ትኩስ ውሃ አታፍስሱበት።

መስታወቱን ለብቻው ወደ አገር ቤት መላክ

አዲስ አበባ ላለ ወንድም ወይም አጎት መስታወት ገዝታችሁ የምትልኩ አላችሁ። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ የቶዮታ እንጂ የጀርመን ዋገን የኋላ መስታወት በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ ሰው ዱባይ አጠገብ ወዳለችው ሻርጃ ወይም ወደ እኛ ይደውላል። ለአሮጌ መኪና እኔ የምመክረው መስታወቱን ከኋላው በር ጋር አብሮ መላክ ነው። ከአሮጌ መኪና ላይ የተጣበቀ መስታወት ሲነቀል ብዙ ጊዜ ይሰበራል፣ በሩ ሙሉውን ከተፈታ ግን መስታወቱ፣ ሽቦው፣ መጥረጊያው፣ መቆለፊያው ሁሉ አብሮ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለው መካኒክም ብሎንና ሶኬት ብቻ ነው የሚያገናኘው፣ ማጣበቂያ መፈለግ የለም። ቀለሙ ካልተመሳሰለ ይቀባል።

መስታወቱን ብቻ የምትልኩ ከሆነ አስተኝታችሁ አትጫኑ፣ ቁሞ ይሂድ። የጠነከረ መስታወት ፊቱ ላይ ብዙ ይችላል፣ ጠርዙ ግን ስስ ነው፣ አራቱንም ጎን በወፍራም ስፖንጅ አስሩት። የማሞቂያው ሽቦ የሚሰካባቸውን ሁለት ትናንሽ ብረቶች ለብቻ ሸፍኑ፣ ሲነቀሉ መልሶ መበየዱ አስቸጋሪ ነው። ተቀባዩም ሳይፈርም በፊት ሣጥኑን ይክፈት፣ ጠርዙን ዙሪያውን በባትሪ ይይ፣ ትንሽም ብትሆን የተሸረፈ ቦታ ካለ አይረከብ።