ማባበያው ይበላል፣ ከርከሮው አይያዝም፦ ችግሩ የት ነው?

በቆሎው እሸት መያዝ ሲጀምር ጅማ ዙሪያ እንቅልፍ የለም። ሰቃ በሉ፣ ማና በሉ፣ ጌራ በሉ፣ ገበሬው ማማ ላይ ነው የሚያድረው። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት። ልጆች ከትምህርት ቤት እየቀሩ ማሳ ይጠብቃሉ። እኔም ጠብቄያለሁ። ስለዚህ ወጥመድ የሠራ ሰው፣ ማለት እንስሳው ገብቶ ገመዱን ሲገፋ በሩ የሚወድቅ የአጣና በረት ያቆመ፣ «ምን ማባበያ ላድርግ?» ሲለኝ ጭንቀቱ ይገባኛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የማባበያው አይደለም፣ የችኮላው ነው።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ማሳችሁ ሲበላ ፎቶ አንሡና ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

አገዳው ወድቋል፣ የጣለው ግን አይታወቅም

ጠዋት ከብቶች ሳይገቡበት ማሳውን እዩት። ከርከሮ አገዳውን ረግጦ ይጥላል፤ እሸቱን ከነልባሱ ያኝካል። መሬቱን በአፍንጫው ስለሚገለብጠው በማረሻ የተነካ ይመስላል። ኮቴው ሁለት ነው። ጃርት ግን አገዳውን ከሥሩ ቆርጦ ነው የሚጥለው። አንዳንዴ ጥቁርና ነጭ እሾህ ጥሎ ይሄዳል። ልባሱ ተልጦ፣ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ተወርውሮ ካገኛችሁት የዝንጀሮ ሥራ ነው፤ ለእሱ ይህ ወጥመድ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሁሉንም ከርከሮ እንላለን እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ቀን ቀን ተንበርክኮ ሣር የሚግጠው፣ ማታ ጉድጓድ ገብቶ የሚተኛው ነው። ሌሊት በቆሎና ጎደሬ የሚጨርሰው ግን ጸጉራሙ የጫካ አሳማ ነው። ቀን ጥሻ ውስጥ ይተኛል፤ ሌሊት በመንጋ ይወጣል። የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ማባበያው ሳይነካ ያድራል

ወይ ቦታው ልክ አይደለም፣ ወይ ሽታው አይደርስም። ማሳው መሃል በቆሎ ብትበትኑ ለምን ይመጣል? ዙሪያውን በቆሎ ነው። ከጫካው ወደ ማሳው የሚገባበትን መንገድ ፈልጉ። የአጥሩን ቀዳዳ፣ ጭቃ የሚንከባለልበትን ረግረግ እዩ። ወጥመዱ እዚያ አጠገብ ይሁን።

ማባበያው ራሱ ቀላል ነው። የባልዲውን ግማሽ ደረቅ በቆሎ አድርጉ። ውሃው ከበቆሎው አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። በቆሎው ስለሚያብጥ እስከ አፉ አትሙሉት። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ተዉት። አረፋ ሲያወጣና ሲኮመጥጥ ደርሷል። የጠላ አተላ ካገኛችሁ ጨምሩበት፤ በጣም የበሰለ ሙዝም ይስማማዋል። ከዚያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አፍሱትና አፈር በስሱ መልሱበት። ሽታው ይቆያል፤ ከርከሮውም ሲቆፍር ይውላል፣ ማለት ሲቆፍር ያድራል።

ለዘር የተዘጋጀ፣ መድኃኒት የተቀባ በቆሎ በፍጹም እንዳትጠቀሙ። ጠዋት ደግሞ የተረፈውን ሸፍኑት። ላም ብዙ የቦካ እህል ከበላች ሆዷ ይነፋና ልትሞት ትችላለች።

ደጅ ያለውን ይበላል፣ በረቱ ውስጥ አይገባም

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እንስሳው ግን አዲስ ነገር ፈርቶ እንጂ ሌላ አይደለም። ትናንት ያልነበረ የአጣና በረት ዛሬ መንገዱ ላይ ቆሟል። እናንተም ብትሆኑ ትጠረጥራላችሁ።

መፍትሄው በሩን ክፍት አድርጎ ማሰር ነው። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ካስፈለገ ለሁለት። መጀመሪያ ምግቡ ከደጅ ይሁን፣ ቀጥሎ ደፍ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ፣ መጨረሻ ከጀርባው ግድግዳ ሥር። በየሰዓቱ እየሄዳችሁ አታንዣቡ። በቀን አንዴ፣ ያውም ጠዋት፣ ይበቃል።

እኔ ማታ ማታ በሩ አካባቢ አመድ እበትን ነበር። በሦስተኛው ጠዋት ኮቴው በረቱን ዞሮ ዞሮ ተመልሷል። በአምስተኛው የፊት እግር ብቻ ገብቶ ወጥቷል፤ ሁለት ጥልቅ ምልክት፣ ከኋላው የተንሸራተተ አመድ። በሰባተኛው ትንንሽ ኮቴዎች እስከ ውስጥ ድረስ ገብተው አየሁ። በቃ ገቡ ብዬ በዚያው ማታ በሩን አጠመድኩት። ሌሊቱን ሙሉ ጩኸት ነበር። ሲነጋ ሁለት ግልገል ውስጥ ናቸው፤ እናትየው አጣናውን ከውጭ በጥርሷ ልጣ ልጣ ሄዳለች። የባህር ዛፉ ቅርፊት መሬት ላይ ተበትኖ አሁንም ይታየኛል። ያ መንጋ ከዚያ በኋላ በዚያ በረት አጠገብ ዝር አላለም። ማሳውን ግን መብላቱን ቀጠለ።

ስለዚህ ኮቴ ቁጠሩ። ትልልቆቹም ትንንሾቹም አንድ ላይ ገብተው ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ሳይፈሩ ሲበሉ፣ ያኔ አጥምዱ። ቀድማችሁ ግልገል ከያዛችሁ የቀሩትን ማስተማር ነው የሚሆንባችሁ።

በሩ ወድቋል፣ ውስጡ ባዶ ነው

ጃርት ወይም ውሻ ገመዱን ነክቶት ይሆናል። ገመዱን ከመሬት 40 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በጀርባው በኩል፣ ከምግቡ በላይ ወጥሩት። ያኔ ትንሹ ከሥሩ ያልፋል፣ ትልቁ በትከሻው ይገፋዋል።

ገብቶ ያመለጠ ከሆነ ግን በረቱን እዩ። አራት ማዕዘን ከሆነ ማዕዘኑ ላይ እየተደራረቡ ይዘላሉ፤ ክብ አድርጉት። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይነስ። አጣናው ግማሽ ሜትር ይቀበር፣ ማገሩም ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ይመታ፤ ሲገፉት እንዳይነቀል። የጅማ አናጺ በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ያወጣል፤ የሚንሸራተት በር አይከብደውም። ዝናብ እንጨቱን ስለሚያሳብጠው ግን መሄጃው ላላ ይበል።

ዶሮ ይጠፋል፣ የሳጥን ወጥመዱ ውስጥ የሚገባው ድመት ነው

ኢንተርኔት ላይ ራኩንን ስለ ማጥመድ የሚነገረውን ምክር ያነበባችሁ ትኖራላችሁ። ራኩን የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ነው፤ እዚህ የለም። የእኛን ዶሮ የሚወስደው ሽለምጥማጥ ነው። ከዚያ ምክር የሚጠቅመን አንድ ነገር፣ ሥጋና ዓሣ ድመት ይጠራል የሚለው ነው። በምትኩ እንቁላል አስቀምጡ። ከወጥመዱ በፊት ግን የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ መድፈን ይሻላል፤ ሥራውም ያንሳል።

ሁሉም እምቢ ሲል

መርዝ አትንኩ። የተመረዘው ከርከሮ ሲበላ ጅብ ይገድላል፣ ውሻ ይገድላል፣ ጥንብ አንሣ ይጨርሳል። የማጥመጃ ጉድጓድም አትቆፍሩ፤ ሌሊት ከቡና መልስ የሚያልፍ ሰው አለ። የሽቦ ማነቂያ ደግሞ አይመርጥም።

ከርከሮ ከተያዘ ወደ አጣናው አትጠጉ፣ ልጆችንም አርቁ፣ ፈቃድ ለሰጣችሁ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ሆድ ዕቃውን ለቤት አሳማ የሚሰጥ ካለ ከልክሉት፤ የአሳማ ትኩሳት ሊያስተላልፍ ይችላል። የዱር እንስሳ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጠዋት ስትደርሱ ድኩላ ገብቶ ካደረ ደግሞ አትጩኹበት፤ ደንግጦ ራሱን ከአጣናው ጋር ያጋጫል። በሩን በረጅም ገመድ ከሩቅ ስቡትና ዞር በሉለት። መንገዱን ያውቀዋል።